የእሜቴ ስፌት

ጥር 2

ይድረስ ለተከበሩት አጎቴ፣ ለሰዓት ሠሪው፤

ዓይንዎና እጅዎ እንደምን ከርመዋል? ለእርስዎ ሥራ ከሁለቱ የሚበልጥ የለምና እነሱን አስቀድሜ ጠየቅሁ። ጤናውን ያብዛልዎ። እኔ ተመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራም አላጣሁም።

ጋሼ፣ ያለፈው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ክው ብዬ ቀረሁ። «ጥንቸልሽ ሽንቷ ቀልቷል፣ ንዴተኛም ሆናለች፣ ትናንት የሱሪዬን ጫፍ ነክሳ አልለቅ አለች» ብለው ጽፈውልኛል። ጥንቸሌ እሜቴ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ ማህፀኗ ውስጥ ዕጢ እንደሚያበቅል የእንስሳት ሐኪሟ ገና እዚያ ሳለሁ ነግራኝ ነበር። ያኔ ማህፀኗን ማስወጣት ሲገባኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ለእርስዎ ጥያት መጣሁ።

አሁን የምለምንዎ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ክሊኒክ ወስደው ማህፀኗን እንዲያስወጡልኝ ነው። የሚያስፈልገውን ገንዘብ ከፖስታው ጋር ልኬያለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት አያስርቧት፤ ጥንቸል እንደ ሰው ባዶ ሆዷን አትሆንም። ከወጣች በኋላ ደግሞ በግማሽ ቀን ውስጥ ካልበላች አንጀቷ ይቆማል፤ አንጀቷ ከቆመ አለቀላት። ድርቆሹን ፈጭተው፣ በውኃ በጥብጠው፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ያጉርሷት። ከሥሯ ሰጋቱራ አይሁን፣ ቁስሉ ውስጥ ይገባል፤ ንጹሕ ፎጣ ያንጥፉላት። እንዳትዘል ጠበብ ያለ ቦታ ያስቀምጧት። ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ ይዩት፤ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ከሸተተ ቶሎ ወደ ሐኪሟ ይውሰዷት። ክሩን በጥርሷ እንዳትበጥስ አደራ።

አውቃለሁ፣ እርስዎ ኮትዎ ላይ የሰው ጸጉር ቢያገኙ በወረንጦ የሚያነሡ ሰው ነዎት። ግን ሌላ ማንን ልለምን?

በቤት ያሉትን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ጭራሮ


ጥር 16

ለእህቴ ልጅ ለጭራሮ፤

ባለሽበት ሰላም ያቆይሽ፤ ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ጉንፋንም ይሰውርሽ። እኔን ከጠየቅሽ ዓይኔ ደህና ነው፣ እጄም ደህና ነው። አፍንጫዬ ግን በአንቺ የተነሣ ያለ ዕድሜው አርጅቷል።

ያልሽው ተፈጽሟል። ከሦስት ቀን በፊት እሜቴን የሬዲዮ ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ክዳኑን በወስፌ በስቼ ወሰድኳት። የክሊኒኩ መጠበቂያ ወንበር ላይ የውሻ ለሃጭ ደርቆ ቀንድ አውጣ የሄደበት መስሎ ያብለጨልጫል። አልቀመጥም ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ሐኪሟ ሳቂታ ሴት ናት፤ እጅጌዋ እስከ ክንዷ ተሰብስቧል። ስትጨርስ ወጥታ «ጋሼ፣ ኑ እዩት፤ ባይወጣ ኖሮ ይገድላት ነበር» ብላ የብረት ሳህን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችልኝ።

ሳህኑ ላይ የነበረውን አልጽፍልሽም ብዬ ነበር፤ ግን ለምን ብቻዬን ልታመም? የዶሮ አንጀት የመሰለ፣ ሁለት ቀንድ ያለው ነገር ነው። አንደኛው ቀንድ ላይ ትልቅ የወይን ፍሬ የሚያክል የጠቆረ ዕጢ ተቀምጧል፤ ከሥሩ የዛገ ውኃ የመሰለ ደም አቁሯል።

«አያምርም?» አለችኝ። «ምንም ሳይፈነዳ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው የወጣው።»

ንጹሕ! ሽቅብ አለኝና የእጅ መታጠቢያዋን አቅፌ ቀረሁ።

«ሰዓት ስትከፍቱም እንዲህ ትሆናላችሁ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ሰዓት አይደማም፣ እመቤቴ» አልኳት።

ይህ ቀላሉ ነው። ጭራሮ፣ አንድ ነገር ደብቀሽኛል። ጥንቸል የምትጥለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ደረቁ በጠጥ ነው፤ እሱን ችዬዋለሁ። ሌላው ግን ለስላሳ፣ እንደ እንጆሪ ፍሬ የተጣበቀ፣ የሚያብለጨልጭና የሚገማ ነገር ነው። ጤነኛ ጥንቸል ይህን ጎንበስ ብላ ከመውጫው ላይ ትበላዋለች። ትበላዋለች! ሐኪሟ «ኃይሏ እሱ ውስጥ ነው፣ ካልበላችው ትከሳለች» አለችኝ። አሁን ግን ክሩን እንዳትበጥስ የአምፖል ቆብ የመሰለ ፕላስቲክ አንገቷ ላይ ስለታሰረ አፏ አይደርስም። ያ ነገር መቀመጫዋ ላይ ተለስኖ ይደርቃል። ጠራጊው ማነው? እኔ። ሐኪሟም ሳታፍር «እንዳይባክን በማንኪያ ስጧት» አለችኝ። በማንኪያ ሰጠኋት። ማንኪያውን ሜዳ ጣልኩት፤ ወንድሞቹንም ከመሳቢያው አውጥቼ ሁለት ጊዜ በፈላ ውኃ አጠብኳቸው።

ማጉረሱም ያው ነው። ያን አረንጓዴ ጭማቂ ግማሹን ትውጣለች፣ ግማሹን ሹራቤ ላይ ትተፋለች። የሹራቤ እጅጌ ደርቆ እንደ ቆዳ ቆሟል።

ቁስሉን ጠዋትና ከምሳ በኋላ፣ ሰዓት በማይበት ማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ስድስት ክር ነው፤ ደህና ነው፣ አታስቢ።

ቀጭን የላስቲክ ጓንት ካገኘሽ ላኪልኝ። ደግሞም ይህን ሁሉ በደብዳቤ ከምናመላልስ ብትደውይ ይቀል ነበር። ስልኩ ይሠራል።

አጎትሽ


ጥር 25

ይድረስ እሜቴን ላተረፉልኝ አጎቴ፤

ለሌላ የማይነገር ውለታ ውለውልኛልና ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የማንኪያውን ነገር ሳነብ በሥራ እረፍቴ ላይ ብቻዬን ስስቅ ሰው ሁሉ አየኝ።

ጋሼ፣ የምመረምርዎ አይምሰልዎ እንጂ ጥቂት ነገር ልጠይቅ። በጠጧ ትልልቅ ነው ትንንሽ? ደረቅ ነው እርጥብ? በጸጉር ተያይዞ እንደ መቁጠሪያ ሆኖ ይወጣል? ሲጨፈለቅ ውስጡ ድርቆሽ ይታያል? በቀን ስንት ያህል ነው? ከትናንት ዛሬ ጨምሯል ቀንሷል? ጆሮዋ ቀዝቃዛ ከሆነ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ አድርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከጎኗ ያስተኙላት። ጥርሷን ካንቀጫቀጨች ሕመም ነው፤ የሕመም ማስታገሻውን አያቋርጡባት።

ስለ ጠረን ያሉት እንኳ ከእኔው ጋር አይወዳደርም። «የምግብ ድርጅት ነው የምሠራው» ብዬዎት ነበር፤ የዓሣ ፋብሪካ ነው። ከሚንቀሳቀስ የጎማ ምንጣፍ ፊት እቆማለሁ፤ ዓሣው ሲመጣ ሆዱን እሰነጥቃለሁ፣ አንጀቱን በአውራ ጣቴ እጠርጋለሁ፣ ያልፋል፤ ሌላው ይመጣል። ቅርፊቱን ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር አገኘዋለሁ። ሎሚም፣ ሳሙናም፣ ኮምጣጤም ሞክሬ ከእጄ አልለቅ ብሎኛል።

ጓንቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ አዲስ ነው። ስለ መደወሉ፣ ፈረቃዬ አይመችም። አይቀየሙኝ።

በቤት ላሉት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ።

ጭራሮ


የካቲት 11

ጭራሮ፤

ዛሬ ሳልመርቅሽ ብጀምር አትዘኚብኝ፤ ዋሽቼሽ ስለ ነበር መመረቅ አሳፈረኝ።

ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ አያለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ያየሁት የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ገልብጬ ስይዛት ያ የተላጨ ሆድ፣ ያ እርጥብ ቆዳ፣ ያ የተቋጠረ ጥቁር ክር ሰውነቴን ወረረኝ፤ መልሼ አስቀመጥኳት። ከዚያ ወዲህ አጎርሳታለሁ፣ ፎጣ እቀይራለሁ፤ ከሥሯ ያለውን ግን አላይም። መቀመጫዋን መጥረጉም ሲመረኝ «የራሷን ነገር ራሷ ትብላው» ብዬ የአንገቷን ፕላስቲክ ፈታሁት። እሷም ሁለት ክር በጠሰች።

በስምንተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። አይጥ የሞተ መስሎኝ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አራቅሁት። ያን ጊዜ የእናትሽ ክፍል በር ተከፈተ።

ስለ እሷ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም ጽፌልሽ አላውቅም። ዛሬ ግን እሷን ዘልዬ መጻፍ አልቻልኩም። እህቴ ማህፀኗ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነ፤ አንቺ ከሄድሽም እንዲሁ። ከክፍሏ የምትወጣው ለመታጠብና ለማብሰል ነው። ጥንቸልሽን ዞር ብላ አይታት አታውቅም። ያን ቀን በሩ ላይ ቆማ አየሩን ሳብ አደረገች።

«ይህን ሽታ አውቀዋለሁ» አለች። «መግል ነው። የታለች?»

«ተዪው፣ ነገ ሐኪሟ ዘንድ እወስዳታለሁ።»

«የታለች አልኩህ!»

ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ፎጣ ጭኗ ላይ ዘርግታ ገልብጣ ያዘቻት። ስፌቱ መሐል ላይ ተከፍቷል። ዳርና ዳሩ እንደ ተቀቀለ ሥጋ ነጥቷል። በሁለት ጣቷ ጫን ስታደርገው የረጋ ወተት የመሰለ ነገር ተንፎልፍሎ ወጣ። ሽታው አፌ ውስጥ ገብቶ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ወደ በሩ ሄድኩ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ውኃ ላመጣ።»

«ያኔም ውኃ ላመጣ ብለህ ነው የወጣኸው። ውኃው ምድጃው ላይ አለ፤ ተቀመጥና እግሯን ያዝ።»

እግሯን ያዝኩ። እናትሽ ለብ ባለ የጨው ውኃ እያጠበች፣ እየጫነች፣ እያጠበች ደም ብቻ እስኪወጣ ድረስ አጠራችው። ጥንቸሏ አንድ ጊዜ ጮኸች። ጥንቸል እንደምትጮኽ አላውቅም ነበር፤ እንደ ሕፃን ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ እህቴ ግን ማጠቧን አላቋረጠችም።

«ከየት ተማርሽው?» አልኳት።

«ከራሴ» አለች። «እኔም ስፌቴ ተከፍቶ ነበር። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ትገባለች፣ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ትወጣለች። በኋላ እሷም ሄደች። አንተ አልጋህን ወደ ሱቅ አወጣህ። እኔ መስተዋት በጉልበቶቼ መሐል አቁሜ፣ በአንድ እጄ ሆዴን ይዤ በሌላው አጥብ ነበር። ሦስት ሳምንት።»

ሱቄና ክፍሏ በአንድ ግድግዳ እንደሚለያዩ ታውቂያለሽ። ያን ሦስት ሳምንት እኔ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ የሰው ሰዓት እጠግን ነበር። ወንበሬ ሲንቀሳቀስ ትሰማኝ ነበር ማለት ነው። ሳፏጭ ትሰማኝ ነበር። ጭራሮ፣ በዕድሜዬ ያልተጸየፍኩት ነገር የለም፤ የራሴን እጅ አይቼ ግን ሲያቅለሸልሸኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ንጹሕ ነበር እኮ፤ ጥፍሩ እንኳ ንጹሕ ነበር።

በማግሥቱ ሐኪሟ የቀረውን ጠርጋ፣ መልሳ ሰፍታ የመግል መድኃኒት ሰጠች። እኔን ደግሞ በሰው ፊት ሰደበችኝ፤ ይገባኛል። እሜቴ አሥራ ሁለት ቀን ከእናትሽ ጭን አልወረደችም። በየሁለት ሰዓቱ ታጎርሳታለች፣ ሆዷን በመዳፏ ታሻታለች። በዘጠነኛው ቀን ብቻዋን ድርቆሽ ጎተተች። ትተርፋለች።

በደብዳቤሽ ስለ በጠጧ ስድስት ጊዜ ጠይቀሻል። ስለ እናትሽ አንድም። የሱቁ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ስልኩ ያለው ራስጌዋ ብቻ ነው፤ የማትደውይው እሷ ታነሣዋለች ብለሽ እንጂ ለፈረቃ አይደለም። የምፈርድብሽ እንዳይመስልሽ፤ እኔ ከአንቺ አልተሻልኩም።

ከእንግዲህ ጓንት አትላኪ።

አጎትሽ


የካቲት 30

ለአጎቴ፤

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀደድኩት።

ባለፈው ወር የፋብሪካው ሙቅ ውኃ ተበላሽቶ ሳልታጠብ አውቶቡስ ያዝኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ ተቀመጠች። ልጅቷ «እማዬ፣ ይህች ሴትዮ ምንድን ነው የምትሸተው?» አለች። እናቷ አልተቆጣቻትም። እኔንም ምንም አላለችኝ። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ልጇን አንሥታ ሄዳ በሩ አጠገብ ቆመች። ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር ጋሼ፤ እሷ ግን ቆመች። እስክወርድ ድረስ ጉልበቴን እያየሁ ተቀመጥኩ።

በሻርፕ አፍንጫን መያዝን አውቀዋለሁ። የእኔ ነው። ሳህኑን ሳስቀምጥ እማዬ እንዳታየኝ ፊቴን አዞር ነበር። አይታኝ ኖሯል።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም የማያውቀው አለ። «አውሮፕላኔ ዛሬ ነው» ብዬ ሻንጣዬን ይዤ የወጣሁ ቀን አውሮፕላኑ ገና አራት ቀን ይቀረው ነበር። ሄጄ ጓደኛዬ ዘንድ ተቀመጥኩ፤ ከቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሽታው ልብሴ ውስጥ ገብቷል ብዬ ያለኝን ሁሉ አጠብኩ። ፊልም አየሁ። እስኪያመኝ ሳቅሁ። ስለ እሜቴ ተጨንቄ ግን ሁለት ጊዜ ሱቅዎ ደውዬ «በላች ወይ?» ብዬዎታለሁ፤ ያስታውሱ ይሆናል፤ አንዴ ከአውሮፕላን ማረፊያ፣ አንዴ ከደረስኩበት አገር የደወልኩ አስመስዬ ነው። እማዬ ያን ጊዜ መስተዋቱን ታቆም እንደ ነበር ከእርስዎ ሰማሁ።

የዓሣ አንጀት አያቅለሸልሸኝም። ይህን ሳስብ ግን ቢላዬን አስቀምጬ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጫለሁ፤ አለቃዬ እርጉዝ መስዬው ነበር።

ስለ እሜቴ አብዝቼ የጠየቅሁት ስለ እሷ መጠየቅ ስለማያሳፍር ነው። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ያንብቡላት። ይቅርታም ይጠይቁልኝ።

ጭራሮ


መጋቢት 9

ለእህቴ ልጅ፤

የፈጠረሽ ይጠብቅሽ። አነበብኩላት።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እሜቴን እያበጠረች ሰማችኝ። አራቱ ቀን ዘንድ ስደርስ ማበጠሪያው ቆመ። ከዚያ ቀጠለች።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ። ይቅርታ ጠይቅልኝ ነው የምትለው።»

«የራስህን ጠይቀህ ጨርሰህ ነው የሰው ይቅርታ የምታደርሰው?»

እውነቷን ነው፤ አልጠየቅኋትም ነበር። እግር ስይዝ፣ ውኃ ሳሞቅ በዚያው ያለቀ መስሎኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጠየቅኋት። ምን እንዳልኩ አልጽፍልሽም፤ አላማረልኝም፣ ተንተባተብኩ። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ተጸይፌሃለሁ። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ሳይህ ይመጣብኛል። በል ተነሥ፣ ወለሉ ይበርድሃል።»

ስለ አንቺ ደግሞ «በወኪል አልሰማም፤ እጅ አላት፣ አድራሻዬንም ታውቀዋለች» ብላለች። ስለዚህ ከመሐላችሁ ወጥቻለሁ።

የእሜቴ ክር ወጥቷል። ጸጉሯ እንደ ሽማግሌ ጢም ሳሳ ብሎ በቅሏል። ያን ለስላሳውን ነገር ራሷ ጎንበስ ብላ ትበላዋለች። እኔ አሁንም ፊቴን አዞራለሁ፤ አልለመድኩትም፣ የምለምደውም አይመስለኝም።

አጎትሽ


መጋቢት 20

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ልጠይቅሽ። ቁስልሽ እንዴት ነው? የተከፈተው የቱ ጋ ነበር? መግሉ ስንት ቀን ወጣ? ሽታው መቼ ለቀቀሽ? ስታስነጥሺ ምን ታደርጊ ነበር? ከአልጋ ስትነሺ ምን ትይዢ ነበር? ጠባሳው አሁን ምን ይመስላል?

እኔ እነዚያን አራት ቀኖች የትም ላደርሳቸው አልችልም። «ይቅር በይኝ» የሚለውንም ቃል የደብዳቤዬ መዝጊያ ላደርገው አልፈለግሁም። የምትጽፊልኝን ግን ሁሉንም አነባለሁ። ፊቴን አላዞርም።

ልጅሽ


ሚያዝያ 3

ለልጄ፤

እጄ መጻፍ ረስቷል፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ታገሺው።

ጠየቅሽኝ፣ እነግርሻለሁ። የተከፈተው ከእምብርቴ በታች ነው፤ አውራ ጣቴ ይገባበት ነበር። መጀመሪያ የሚወጣው ቀጭን ነው፣ የሥጋ እጣቢ ይመስላል። በኋላ ወፍሮ አረንጓዴ ሆነ። አንሶላው ላይ ይደርቅና ጠዋት ልነሣ ስል ቆዳዬን ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ተኝቼ በውኃ አርሰዋለሁ፣ ሲለቅ ጠብቄ እላጠዋለሁ። ሳስነጥስ ሆዴን በትራስ እደግፋለሁ። አንድ ቀን ትራሱን ሳላገኝ አስነጠሰኝና ግድግዳው ላይ ተረጨ። ግድግዳውን ያጠብኩት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ተኝቼ አየው ነበር። ሽታው ከምግቤ ጋር ይገባል። ራሴን ተጸይፌ ነበር ልጄ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔ ግን ከገላዬ ወጥቼ የምቀመጥበት የጓደኛ ቤት አልነበረኝም።

ተቆጥቼብሻለሁ። አልበረደልኝም፤ መቼ እንደሚበርድልኝም አላውቅም። ስለ እሱ አልዋሽሽም።

ይህ ሁሉ ገና የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ የሁለተኛው ይብሳል። እዚህ ላይ ካቅለሸለሸሽ ወረቀቱን አጥፈሽ አስቀምጪው፣ አልቀየምሽም። ካላቅለሸለሸሽ ግን ገልብጪው፤ ጀርባውን ሞልቼ ጽፌልሻለሁ።

እናትሽ